ኪሞኖ፡- ነጋዴ ያነገሠው፣ ዋጋ ያራቀው ልብስ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 በጃፓን የአዋቂነት ቀን የተከበረበት ዕለት ነበር። 20 ዓመት የሞላቸው ወጣቶች በየከተማቸው አዳራሽ ተሰብስበው ምርቃት የሚቀበሉበት በዓል ሲሆን፣ ለሴቶቹ የቀኑ ዋና ጉዳይ ኪሞኖ ነው። በዚያን ዕለት ግን መቀመጫውን ዮኮሐማ ያደረገ አንድ ኪሞኖ ሻጭና አከራይ ኩባንያ በድንገት ሥራ አቆመ። ገንዘባቸውን አስቀድመው የከፈሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሊለብሱ በተቀጠሩበት ሰዓት ልብሱንም አልባሹንም አጡ። ነገሩ የአገር መነጋገሪያ ሆኖ ሰነበተ።

ጉዳዩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ኪሞኖ የአገር ልብስ ከሆነ ለምን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አይገኝም? ለምን ለአንድ ቀን በኪራይ ይመጣል? የራስን ልብስ ለመልበስስ ለምን ባለሙያ ይቀጠራል? መልሱ ከባህል ይልቅ በገበያ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

“የሚለበስ ነገር”

ኪሞኖ የሚለው ቃል ከሁለት የጃፓንኛ ቃላት የተገጠመ ሲሆን ትርጉሙ “የሚለበስ ነገር” ማለት ብቻ ነው። የክብር ልብስ፣ የበዓል ልብስ የሚል ፍቺ የለውም። ቃሉ ለዚህ ልብስ መለያ ሆኖ የጸናው በ19ኛው ምእተ ዓመት የምዕራባውያን ልብስ ከገባና ሁለቱን መለየት ካስፈለገ በኋላ ነው።

የልብሱ አመጣጥ ከዚያ በጣም ይርቃል። ከ794 እስከ 1185 በዘለቀው የሄያን ዘመን የቤተ መንግሥት ሴቶች ሰፋፊ ልብሶችን ደራርበው ይለብሱ ነበር። የጨዋነታቸውና የዕውቀታቸው መለኪያም በእጅጌና በአንገት በኩል የሚታየው የቀለማት ድርድር ነበር። ከሥር የሚለበሰው ጠባብ የእጅጌ መውጫ ያለው ልብስ ኮሶዴ ይባላል። በኋላ ጦረኞች ሥልጣን ሲይዙና አኗኗር ሲለወጥ የላይኞቹ ድርቦች እየተቀነሱ ሄዱ። የውስጡ ልብስ ወደ ውጭ ወጣ። የዛሬው ኪሞኖ የዚያ የውስጥ ልብስ ልጅ ነው።

ከጣቃው የሚጣል የለም

የኪሞኖ ስፌት ብልሃት ለኢኮኖሚ ባለሙያ ትምህርት የሚሆን ነው። አንድ ኪሞኖ የሚወጣው ወርዱ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር አካባቢ ከሆነ አንድ ጣቃ ነው። ጣቃው በቀጥታ መስመር ስምንት ቦታ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ለአካል፣ ሁለቱ ለእጅጌ፣ ሁለቱ ለፊት መደረቢያ፣ ሁለቱ ለአንገት። ክብ ቅድ ስለሌለበት ብጣሽ አይወጣም። ልብሱም በሰው ልክ አይቀደድም። ወፍራሙም ቀጭኑም በመጠቅለል ያስተካክለዋል። የተረፈው ርዝመት ወገብ ላይ ታጥፎ ኦቢ በሚባለው መቀነት ይታሰራል።

በድሮው ልማድ ኪሞኖ ሲቆሽሽ ስፌቱ ይፈታል። ቁራጮቹ ታጥበውና ተወጥረው ከደረቁ በኋላ እንደገና ይሰፋሉ። ቀለሙ ሲደበዝዝ በጠቆረ ቀለም ይነከራል፤ የእናት ለልጅ ይተርፋል፤ ሲያረጅ ለአልጋ ልብስ፣ ከዚያም ለሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ በመጨረሻም ለመወልወያ ይውላል። ሕዝቧ በ18ኛው ምእተ ዓመት አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሶ በነበረው ኤዶ፣ በዛሬይቱ ቶኪዮ፣ አብዛኛው ተራ ሰው አዲስ ልብስ ሳይሆን ልባሽ ይገዛ እንደነበር ይታወቃል። የልባሽ ነጋዴዎች የተሰባሰቡባቸው የከተማው ሰፈሮችም ስመ ጥር ነበሩ።

ልብሱ ምን ይናገራል

ኪሞኖ ማንበብ ለሚችል ሰው እንደ መታወቂያ ወረቀት ነው። እጅጌው ወደ እግር የሚንዘረፈፈው ፉሪሶዴ ያላገባች ወጣት ሴት ልብስ ነው። ያገባች ሴት እጅጌው አጠር ያለ ይለብሳሉ። ለቤተ ዘመድ ሠርግ የሚለበሰው ጥቁር ኪሞኖ አምስት የቤተሰብ ምልክት ይታተምበታል፤ የምልክቱ ቁጥር ወደ ሦስትና ወደ አንድ ሲወርድ የክብሩም ደረጃ ይወርዳል።

ወቅትም የራሱ ሕግ አለው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገበር ያለው፣ በሰኔና በመስከረም ገበር የሌለው፣ በሐምሌና በነሐሴ አየር የሚያስገባ ሳሳ ያለ ጨርቅ ይለበሳል፤ ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአበባ ሥዕል ያለበት ልብስም አበባው ከመፍካቱ ቀደም ብሎ እንጂ ከረገፈ በኋላ አይወደድም። ሽመላ መሰሉ ቁራኛ ወፍ የረጅም ዕድሜ፣ ጥድ ያለመጠውለግ፣ ቀርከሃ ጎንበስ ብሎ ያለመሰበር፣ በበረዶ ውስጥ የሚያብበው የፕለም ዛፍ ደግሞ የጽናት ምልክት ናቸው። ከሁሉም በላይ የማይታለፈው ሥርዓት ግን የአለባበሱ አቅጣጫ ነው። ለባሹ ወንድም ይሁን ሴት የግራው ጎን ከላይ ይሆናል። የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ብቻ ነው።

አዋጅና ገንዘብ

ከ1603 እስከ 1868 በገዛው የቶኩጋዋ መንግሥት ዘመን ማኅበረሰቡ በደረጃ ተከፋፍሎ ነበር። ጦረኛው ከላይ፣ ነጋዴው ከታች። ይሁን እንጂ ሰላም ሲሰፍን ገንዘቡ ከታች ተከማቸ። የነጋዴ ሚስቶች ከመሳፍንት ሚስቶች በልጠው መታየት ጀመሩ። መንግሥትም ተደጋጋሚ አዋጅ አወጣ። ለምሳሌ በ1683 የወጣው አዋጅ በሴቶች ልብስ ላይ የወርቅ ክር፣ ጥልፍና እጅግ አድካሚ የሆነውን የቋጠሮ ማቅለም ሥራ ከልክሎ ነበር።

ገበያው ግን መውጫ አላጣም። ነጋዴው ከላይ ግራጫ ወይም ቡናማ ለብሶ ሐሩንና ሥዕሉን ወደ ገበሩ አዞረው። የደበዘዙ ቀለማትን እየለዩ ማድነቅ ራሱ የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። በኪዮቶ በዚያው በ17ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ የገነነውና ሚያዛኪ ዩዜን ከተባለው የማራገቢያ ሠዓሊ ስሙን የወሰደው የማቅለም ዘዴም ተስፋፋ። በዘዴው የሩዝ ሙጫ ቀለሙ እንዳይፈስ ያግደዋል። ስለዚህ ያለ ጥልፍና ያለ ወርቅ በጨርቅ ላይ ሥዕል መሣል ተቻለ። የተከለከለው ሌላ ነው፣ የተሸጠው ሌላ ነው።

ቁርጥ ዋጋ

የኪሞኖ ንግድ ለዓለም ገበያ ያበረከተው ትልቅ ነገር የተወለደውም በዚሁ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ይዘው ወደ ባለጸጋ ቤት ይሄዱ ነበር። ሽያጩ በዱቤ፣ ክፍያው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነበር። ዋጋው በክርክር ይወሰናል። ነጋዴውም ለዱቤው ሥጋትና ለሚጠብቅበት ጊዜ ሲል ዋጋ ይቆልላል።

ሚትሱይ ታካቶሺ የተባለው ነጋዴ በ1673 ኤዶ ውስጥ ኤቺጎያ የተባለ ሱቅ ከፈተና ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ዕቃው ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፤ ክፍያው እጅ በእጅ ነው፤ ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ሙሉ ጣቃ ለማይችል ሰው የፈለገው ያህል ተቆርጦ ይሰጠዋል። ጥሬ ገንዘብ ቶሎ ስለሚመለስለት በርካሽ ሸጦ ብዙ አዞረ። ነባሮቹ ነጋዴዎች አድመው ሊያስወጡት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። የሚትሱይ ቤት ከዚያ ተነሥቶ ወደ ገንዘብ ምንዛሪ ገባ፤ በ1876 የሚትሱይ ባንክ ተመሠረተ። የጨርቅ ሱቁም በ1904 ሚትሱኮሺ በሚል ስም የጃፓን የመጀመሪያው ዘመናዊ ትልቅ መደብር መሆኑን አስታወቀ። ዳይማሩና ማትሱዛካያን የመሳሰሉት ትልልቅ መደብሮችም ሥራቸው የኪሞኖ ጨርቅ ሱቅ ነው።

ሐር ማሽን ሲገዛ

በ1868 የሜይጂ መንግሥት ሲመሠረት ባለሥልጣናት፣ ወታደሮችና ፖስተኞች የአውሮፓ ልብስ እንዲለብሱ ተደረገ። ሐሩ ግን አልተጣለም። በ1872 በመንግሥት ገንዘብ የቶሚዮካ የሐር መፍተያ ፋብሪካ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የኪዮቶ ኒሺጂን ሸማኔዎች ወደ ፈረንሣይ ሊዮን ተልከው የዣካር ሽመና መሣሪያ ይዘው ተመለሱ። ጥሬ ሐር እስከ 1930ዎቹ የጃፓን ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበር፤ ትልቁ ገዢም አሜሪካ ነበረች። ለጃፓን ፋብሪካዎች የተገዛው ማሽን በከፊል የተከፈለው በሐር ትል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ እድገት ዜና ኢትዮጵያም ደርሶ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዘመን የጃፓን የጥጥ ጨርቅ የአሜሪካንን አቡጀዲ ከኢትዮጵያ ገበያ እያስወጣ ነበር። ራሷ አውሮፓዊ ልብስ እየለመደች ለሌላው አቡጀዲ የምትሸጥ አገር ሆና ነበር ማለት ነው።

ይሁንና በአገር ቤት የሴቶች ልብስ ቶሎ አልተለወጠም። በ1925 ኮን ዋጂሮ የተባለው ተመራማሪ በቶኪዮ ጊንዛ ጎዳና አላፊ አግዳሚውን ቆጥሮ ነበር። ከወንዶቹ 67 ከመቶ አውሮፓዊ ልብስ ሲለብሱ፣ ከሴቶቹ 99 ከመቶ በጃፓን ልብስ ነበሩ።

አንድ ኪሞኖ በሩዝ

ይህን የሰበረው ጦርነቱ ነው። በጁላይ 1940 መንግሥት የቅንጦት ዕቃ ማምረትና መሸጥ ከለከለ። ሴቶችም ሞንፔ የተባለውን ሰፊ የሥራ ሱሪ እንዲለብሱ ተገፋፉ። በ1945 ከሽንፈት በኋላ ረሃብ ገባ። የከተማ ሴቶች በባቡር ተጨናንቀው ወደ ገጠር እየሄዱ ኪሞኖአቸውን በሩዝና በድንች ለወጡ። ኑሮው “የቀርከሃ ቡቃያ ኑሮ” ተባለ። የቀርከሃ ቡቃያ ልጡ አንድ በአንድ እንደሚላጥ፣ ሰውም ልብሱን አንድ በአንድ እየላጠ በላ ለማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደገችው ልጅ ከእናቷ የምትወርሰው ሣጥን ባዶ ነበር። የመልበስ ልምዱም አብሮ ጠፋ። በ1960ዎቹ የኪሞኖ አለባበስ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የበዙት ለዚህ ነው።

ዋጋው ሲወጣ ገዢው ወረደ

ኢኮኖሚው ሲያንሠራራ ነጋዴው ያየው ገበያ የዕለት ልብስ ሳይሆን የሠርግና የበዓል ልብስ ነበር። ከአንድ የዕለት ልብስ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው፤ ከአንድ የሠርግ ልብስ የሚገኘው ብዙ ነው። ኢንዱስትሪው ወደ ውዱ አዘነበለ። ለጊዜውም ተሳካለት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኪሞኖ ችርቻሮ ሽያጭ በዓመት 1.8 ትሪሊዮን የን ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁል ወረደ። በ2010ሮቹ መጨረሻ ከ300 ቢሊዮን የን በታች ሆኗል። ከስድስት እጅ አምስቱ ጠፋ ማለት ነው።

ምክንያቱ የሕዝቡ ልብ መሸፈት ብቻ አይደለም። ጨርቁ ከሸማኔው ወደ ኪዮቶ ጅምላ ሻጭ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገር አከፋፋይ፣ ከዚያ ወደ ቸርቻሪ ሲያልፍ በየደረጃው ትርፍ ይጨመርበታል። ብዙው ዕቃ በአደራ ተሰጥቶ ካልተሸጠ የሚመለስ በመሆኑ የኪሳራው ሥጋት ዋጋው ላይ ያርፋል። አንድ የፉሪሶዴ ስብስብ እስከነመቀነቱ በርካታ መቶ ሺህ የን ይጠይቃል። በሕይወቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ለምትለብሰው ልብስ ይህን የምታወጣ ወጣት ጥቂት ናት። ከዚህ የተነሣ ኪራይ ተተካ። ሚትሱይ ከ350 ዓመት በፊት የሸሸው፣ ጥቂት ባለጸጋ ፈልጎ ዋጋ የመቆለል ንግድ፣ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

ጉዳቱ የሚያርፈው ባለሙያው ላይ ነው። አንድ የዩዜን ኪሞኖ ከነዳፊው እስከ ሙጫ ቀቢው፣ አቅላሚው፣ በእንፋሎት አጽኚው፣ አጣቢውና ጠላፊው ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። እያንዳንዱ የራሱ ቤትና ሙያ አለው። ከመካከላቸው አንዱ ሸምግሎ ተተኪ ካጣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ጥሬ ሐሩም ቢሆን በአብዛኛው የሚመጣው እንደ ቻይናና ብራዚል ካሉ አገሮች ነው።

አዲሶቹ ገዢዎች

ይህ ማለት ግን ገበያው ሞቷል ማለት አይደለም። በልባሽ ሱቆች ጥሩ ኪሞኖ በጥቂት ሺህ የን ይገኛል። ወጣቶች በዚያ ገዝተው ሥርዓቱን ሳይጨነቁበት ይለብሳሉ። በማሽን የሚታጠብ የፖሊስተር ኪሞኖም አለ። በኪዮቶና በቶኪዮ አሳኩሳ ቱሪስቶች ለአንድ ቀን ተከራይተው ይንሸራሸራሉ። በአፕሪል 2022 ሕጉ የአዋቂነትን ዕድሜ ወደ 18 ሲያወርድ የኪሞኖ ነጋዴዎች ሠግተው ነበር፤ አብዛኞቹ ከተሞች ግን በዓሉን በ20 ዓመት ማክበራቸውን ቀጥለዋል።

ስሙም ዋጋ እንዳለው በ2019 ታይቷል። አሜሪካዊቷ ኪም ካርዳሺያን የውስጥ ልብስ ምርቷን “ኪሞኖ” ብላ ለማስመዝገብ ስትነሣ፣ የኪዮቶ ከንቲባ ዳይሳኩ ካዶካዋ ስሙ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን እንደማይገባ ጠቅሰው እንድታስብበት በደብዳቤ ጠየቋት። ሴትየዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስሙን እንደምትለውጥ አስታወቀች።

ስም በደብዳቤ ይጠበቃል፤ ሙያ ግን ያለ ገዢ አይጠበቅም። የኪሞኖ ታሪክ እንደሚያሳየው ልብሱ አዋጅን፣ የአውሮፓ ኮትንና ረሃብን አልፏል። እነዚህን ሁሉ ያለፈው ግን ተራው ሰው በየቀኑ ሲለብሰውና ሲያድሰው በነበረ ጊዜ ነው። ዛሬ የኪዮቶ ሸማኔዎች ዕጣ የተንጠለጠለው በሙዚየም መስታወት ውስጥ በሚቀመጠው ውድ ልብስ ላይ ሳይሆን፣ ወጣቷ ደመወዟን ሳትጨርስ ልትገዛውና ያለ አልባሽ ልትለብሰው በምትችለው ላይ ነው።