የባዮሎጂ ዲፕሎማና የሴቻ የመስክ ትምህርት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው ይጠይቅ ነበር። በመሆኑም በሁለት ዓመት ዲፕሎማ ያስተምሩ የነበሩ በርካታ መምህራን፣ የባዮሎጂ መምህራንን ጨምሮ፣ በክረምት መርሐ ግብር ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ትምህርታቸውን እንዲያሻሽሉ ተደርጓል።

የዲፕሎማው ትምህርት የዕፅዋትና የእንስሳት አመዳደብን እንዲሁም የሥነ ምህዳርን መሠረት ያስጨብጣል። ሆኖም ሥነ ምህዳር በመማሪያ ክፍል ብቻ ተምረው የሚጨርሱት አይደለም። ለመስክ ምልከታ ደግሞ የአርባ ምንጭ ከተማ ከፍተኛው ክፍል ከሆነው ከሴቻ የተሻለ ሥፍራ ማግኘት አዳጋች ነው።

ከሴቻ ቁልቁል ሲታይ የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ግን ጠራ ያለ ነው። የልዩነቱ ዋነኛ መንስኤ ወንዞች ወደ አባያ የሚያስገቡት ደለል ነው። ደለሉ ብርሃን ወደ ውኃው ጠልቆ እንዳይገባ ስለሚያግድ የአልጌን ዕድገት ይገታል፤ ዓሣውም በዚሁ ይጎዳል። ይህንን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በገመድ የታሰረ ነጭ ሳህን ወደ ውኃው ወርዶ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል።

ጥቂት የመስክ ማስረጃ የሚሰጠው ጥቅምም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ከሞተ ወፍ የተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ የወፍ ዝርያ እንዲሰየም አብቅቷል።

በአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናቡ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ወራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚማር የክረምት ተማሪ ይህንን ወቅት በትምህርት ላይ ሆኖ አያገኘውም፤ ሁለቱን ዓመት በመደበኛነት በሥፍራው የተማረ ግን ሁለት ጊዜ ያየዋል። የዲፕሎማ ኮርሶች ለዲግሪ በሚመዘኑበት ጊዜ የመስክ መዝገቡ ከውጤቱ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።