ከጠገራ ብር እስከ እርሻ ገቢ ግብር፦ የይልማ ደሬሳ የሹመት መንገድ

በዘመነ ኃይለ ሥላሴ አንድ ሹም ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ኤምባሲ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ግምጃ ቤቱ ቢዛወር ማንንም አያስገርምም ነበር፤ ሹም ሽር የንጉሠ ነገሥቱ የሥልጣን ማመጣጠኛ ስለነበር ዝውውሩ ከሙያው ይልቅ የቤተ መንግሥቱን ስሌት ይከተል ነበርና። በአቶ ይልማ ደሬሳ ዘንድ ግን ዲፕሎማሲና የኢኮኖሚ አስተዳደር የአንድ ጥያቄ፣ ማለትም መንግሥቱ ገንዘብ ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ፣ የውጭና የውስጥ ገጽታ ሆነው ይታያሉ።

የወለጋው የብላታ ደሬሳ አመንቴ ልጅ ይልማ፣ እስክንድርያ በሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በለንደኑ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ በጣሊያን ስለተወረረች ተማርከው በኢጣሊያ በግዞት ቆዩ። ከነጻነት በኋላ የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሲሆኑ የጠበቃቸው አገር በራሱ ገንዘብ እንኳ የማይገበያይ ነበር፤ ጠገራ ብር የሚባለው የማሪያ ቴሬዛ ብርና የእንግሊዝ ጦር ያመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአንድ ገበያ ይዘዋወሩ ነበር። የገንዘቡ ባለቤት ሌላ ከሆነ በጀቱም በሌላ እጅ እንደሚወድቅ የተረዳው መንግሥት፣ የእንግሊዝን ተጽዕኖ የሚያመዛዝን ወዳጅ መሻቱ አልቀረም።

በ1935 ዓ.ም. አሜሪካ ሆት ስፕሪንግስ ላይ ስለ ምግብና እርሻ በተካሄደው ጉባኤ የኢትዮጵያን መልእክተኞች የመሩት ይልማ፣ ጉዟቸውን በጉባኤው ሳይወስኑ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ስለ ርዳታ ተነጋገሩ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወርም ዋሽንግተን ላይ የሌንድ ሊዝ፣ ማለትም ዕቃንና ቁሳቁስን በብድርና በኪራይ መልክ የመስጠት፣ ስምምነት ተፈረመ። ከዚህ ርዳታ ውስጥ እጅግ ፍሬያማው ለሳንቲም መቅረጫ የተገኘው ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር ነበር (አንድ አውንስ 31 ግራም ያህል ይመዝናል)። ጠገራውን በእጁ መዝኖ፣ በድንጋይ ላይ አቃጭሎ የሚቀበለው ገበሬ ወረቀት ብቻ ቢሰጡት እንደማያምን ግልጽ ስለነበር፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ከወረቀቱ ጋር ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተቀርጾ ቀረበ። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ይመነዘር ስለነበር ሕዝቡ ሃምሳ ሳንቲሙን ሽልንግ ብሎ ጠራው፤ ሽልንጉ ራሱ ከገበያ ወጥቶ ስሙ ብቻ እንደቀረ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ይልማ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር፣ በዋሽንግተን አምባሳደር፣ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመለሱ። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ማሳተማቸው፣ ለገንዘብ ሚኒስትር ያልተለመደ ትጋት ነው።

ውጭ አገር የቀናቸው ሰው አገር ቤት ግን የከበደ ፈተና ገጠማቸው። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን፣ ማለትም በቀድሞው ሥርዓት ከምርት አንድ አሥረኛው ይከፈል የነበረውን ግብር፣ ሽሮ እያንዳንዱ አራሽና ባለመሬት በሚያገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል ያዘዘ ሲሆን፣ ባለመሬቶች የበዙበት ፓርላማም አዋጁን ሳይከራከርበት አላሳለፈውም። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነበር። ነገር ግን ገቢን ለመተመን ገማች ወደ ማሳው መግባት ነበረበት፤ መሬቱን በርስትነት፣ ማለትም ከአባት በወረደ የዘር መብት፣ የያዘው የጎጃም ገበሬ ደግሞ ግምቱን መሬቱን በገመድ ለክቶ ከርስቱ የሚነቅለው የቀላድ መንገድ ጠራጊ አድርጎ አየው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በደቡብ ቀላድ የተጣለበት መሬት በማን እጅ እንደወደቀ ወሬው ዐባይን ተሻግሮ ደርሶ ነበርና።

የጎጃም ገበሬ በአዋጁ ላይ ሲያምፅ መንግሥት አመጹን በጦር ለመጨፍለቅ ሞከረ፤ በመጨረሻ ግን ወደ ኋላ አፈግፍጎ የጎጃምን ውዝፍ ግብር ማረ። ይልማም በ1962 ዓ.ም. ገደማ ከገንዘብ ሚኒስቴር ተነሡ፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከታሰሩት ሹማምንት ጋር አብረው ሲታሰሩ፣ በዋሽንግተን ሲደራደሩ ያስገኙት ብር የተቀረጸበት ሃምሳ ሳንቲም ገና ከገበሬው ስልቻ አልጠፋም ነበር።