የሥር እባጭ ኔማቶድን በፈንገስ መቆጣጠር

በስምጥ ሸለቆ በመስኖ በሚለሙ የአትክልት ማሳዎች፣ በተለይም ቲማቲም በተከታታይ በሚተከልበት መሬት፣ ተክሉ ውኃ እየጠጣ በቀትር ሲጠወልግና ቅጠሉ ሲገረጣ ይታያል። ገበሬው ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ይጨምራል፤ ተክሉ ግን አይድንም፣ ወጪው ብቻ ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ የልማት ሠራተኛው በቅድሚያ ተክሉን በአካፋ አንሥቶ ሥሩን መመልከት ይኖርበታል። በሥሩ ላይ እባጮች ተደርድረው ከተገኙ ጠላቱ የሥር እባጭ ኔማቶድ ነው። በባቄላና በመሰል ሰብሎች ሥር ላይ የሚገኙት ናይትሮጂን ሰብሳቢ እባጮች በጣት ሲነኩ በቀላሉ ይላቀቃሉ። የኔማቶዱ እባጭ ግን ራሱ ያበጠ ሥር ስለሆነ አይላቀቅም።

የኔማቶዱ እጭ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ትል ሲሆን፣ ሥር ውስጥ ገብቶ ይመገባል። እንስቷ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን በዝልግልግ ነገር ሸፍና ትጥላለች። አፈሩ ሲሞቅ ይህ ዑደት በአንድ ወር ገደማ ስለሚፈጸም ተባዩ በአንድ የምርት ወቅት ደጋግሞ ይራባል።

ለዚህ ተባይ በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩ ኬሚካሎች ጉዳታቸው ከባድ ሆኖ ተገኝቷል። ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የተባለው ወንዶች ሠራተኞችን መካን እንደሚያደርግ በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተረጋግጧል። ሜቲል ብሮማይድም የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮች ለአፈር ማከሚያነት እስከ 2015 እ.ኤ.አ. እንዲቀር ተወስኗል።

ኔማቶድ በአፈር ውስጥ የተፈጥሮ ጠላት አለው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዞፕፍ አንድ ፈንገስ ሕያው ኔማቶድን በትብትቡ ይዞ ሲበላ በ1888 እ.ኤ.አ. ተመልክቷል። በእንግሊዝ አገር የብርዕ እህል ኔማቶድ ባለበት ማሳ እህል በተከታታይ እየተዘራ ተባዩ ሳይበዛ ቀረ፤ አፈሩ በፎርማሊን ሲታከም ግን ተባዩ በዛ። ፎርማሊኑ የገደለው ጠባቂዎቹን ፈንገሶች ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፔሩ የዓለም አቀፍ ድንች ማእከል ተመራማሪዎች የሥር እባጭ ኔማቶድን እንቁላል የሚያጠቃ ፈንገስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይህ ፈንገስ ዛሬ ፑርፑሬኦሲሊየም ሊላሲነም ይባላል። ሌላው የታወቀ የእንቁላል ጠላት ፖኮኒያ ክላሚዶስፖሪያ ሲሆን በኩባ ተመርቶ ለአትክልት እርሻ ውሏል።

የፈንገሱ መሣሪያ ኤንዛይም ነው። ጠላ ሲጠመቅ የብቅሉ ኤንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር እንደሚለውጥ ሁሉ፣ የፈንገሱም ኤንዛይሞች የእንቁላሉን ቅርፊት ያሟሟሉ። አንደኛው ኤንዛይም የላይኛውን የፕሮቲን ሽፋን ሲያፈርስ፣ ሌላው ከሥሩ ያለውን ካይቲን የተባለ ጠንካራ ክፍል ይቆራርጣል። ከዚያም ፈንገሱ ወደ ውስጥ ዘልቆ እጩን ይመገባል። ኤንዛይሙ ብቻውን አፈር ላይ ቢረጭ ግን በአፈር ረቂቅ ሕዋሳት ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ በእንቁላሉ ላይ ተጣብቆ ኤንዛይሙን የሚያመነጭ ሕያው ፈንገስ ያስፈልጋል።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊረዱት የሚገባ ቁም ነገር አለ። እነዚህ ፈንገሶች በዋናነት የሚያጠቁት እንቁላልን እንጂ ሥር ውስጥ የገባውን እጭ አይደለም። ያበጠ ሥር ያለውን ተክል አያድኑም፤ ጥቅማቸው የሚመጣውን ትውልድ መቀነስ ነው። በትልቅ እባጭ ውስጥ የተደበቀ እንቁላልም ከፈንገሱ ያመልጣል። ስለሆነም ኔማቶዱ እጅግ በበዛበት ማሳ ፈንገስ ብቻውን አይበቃም።

በአጠቃቀም ረገድ የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል፤

1. ችግኝ ከኔማቶድ ነፃ በሆነ መደብ ማፍላት። ሥሩ ያበጠ ችግኝ አለመትከል።

2. በአገሪቱ የተመዘገበና ጊዜው ያላለፈበት ምርት ብቻ መግዛት። ከፀሐይና ከሙቀት መጠበቅ፤ ሕያው ነገር ስለሆነ ሙቀት ይገድለዋል።

3. በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን በመደብ ላይ፣ እንዲሁም ከተከላ በፊት ወይም በተከላ ጊዜ፣ እርጥበት ባለው አፈር ላይ ማድረግ። በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ መጨመርም ይረዳል።

4. ከፀረ ፈንገስ ኬሚካል ጋር አለመቀላቀል።

5. ሲያዘጋጁ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እንዲሁም መነጽር ማድረግ።

6. ምርት እንደተሰበሰበ ሥሩን ነቅሎ ማቃጠል፤ ቀጥሎም በኔማቶዱ የማይጠቃ ሰብል ማፈራረቅ።

ማኅበሩ በማሳው ሁሉ ከመጠቀሙ በፊት በጥቂት መደቦች ይሞክረው፤ ከጎኑም ያልታከሙ መደቦችን ይተው። በመከር ጊዜ ከሁለቱም ወገን 10 10 ተክል ነቅሎ ሥራቸውን ማወዳደርና ምርቱን መመዘን ያስፈልጋል። ምርቱን ለመግዛት ወይም ለመተው የሚወሰነው በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ መሆን ይኖርበታል።