በተዘጋ በር ውስጥ ስለሚደረግ እረኝነትና ስለ መንፈሳዊ ዕድገት

በኦሪት ዘፀአት በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል ከግብፅ በሚወጡባት ሌሊት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የበጉን ደም በመቃኑና በጉበኑ ላይ እንዲቀባ፥ እስኪነጋም ድረስ ማንም ከቤቱ ደጃፍ እንዳይወጣ ታዘዘ። ሕዝቡ በዚያን ጊዜ የሚሰበሰብበት መቅደስ አልነበረውም፤ ቤቱ እንደ መቅደስ ሆነለት፥ የቤቱም አባት አገልጋይ ሆነ። ይህን ምዕራፍ ከዚህ ቀደም ስናነብ የጥንት ታሪክ ብቻ ይመስለን ነበር። ከ2012 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ግን እኛም በር የተዘጋበትን ፋሲካ ስላየን፥ ምሥጢሩን ቀርበን ልንመረምረው ይገባናል።

የኮሮና ሕመም በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው በዐቢይ ጾም፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በብዛት መሰብሰብና እጅ መጨባበጥም ተከለከለ። ቤተ ክርስቲያንም ጥቂት ካህናት በመቅደስ እንዲያገለግሉ፥ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ አሳሰበች። የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን በዚህ ሁኔታ ዋለ። ትእዛዙ በሁሉ ስፍራ እኩል ባይጠበቅም፥ በማጀቴና በይፋት ቆላ ላለን ሰዎች ነገሩ የከበደ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ለቅሶ አለመድረስ፥ የሰንበቴን ማኅበር ማስቀረት፥ የካህኑን መስቀል ሳይሳለሙ ማለፍ እንደ ነውር ይቈጠራልና።

እንዲህ ያለው መከራ ግን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ የተባለው ጉንፋን አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «እምነት ካለን ስለ ምን በር እንዘጋለን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነውና ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ደሙን የቀቡት እስራኤል አላመኑም ነበርን? ስላመኑ ቀቡ፤ ስላመኑም ከቤት አልወጡም። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ፥ ፈታኙ ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ፥ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። አንድም፥ በሩ የሚዘጋው ለራስ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ጤነኛ ከሚመስለው ጐልማሳ ወደ ሽማግሌው ይተላለፋልና፥ በቤት መቀመጥ ባልንጀራን መውደድ ነው።

አሁን ወደ እረኛው ነገር እንምጣ። በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ፥ ካህኑ ደዌው የሚያጠራጥረውን ሰው 7 ቀን እንዲዘጋበት ታዟል፤ በ7ኛውም ቀን ካህኑ ራሱ ተመልሶ እንዲያየው ታዟል። እንግዲህ አስተውሉ፤ የሚዘጋውና የሚመለሰው አንድ ሰው ነው። ዘግቶ የሚረሳ እረኛ አይባልም። ለዚህ አገልግሎት በአገራችን ከጥንት የተዘጋጀ ሥርዓት አለ፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። ዐውደ ምሕረቱ ባዶ በሆነ ጊዜ የንስሐ አባት ሥራ ይበዛል እንጂ አያንስም። ማን ታመመ? ማን ብቻውን ቀረ? ማን ከቤቱ ሰው ጋር ቂም ይዞ በአንድ ጣራ ሥር ተዘጋ? እያለ ልጆቹን በየስማቸው ይጠይቃቸው፤ ከደጅ ቆሞ፥ ይህም ባይሆን በስልክ። ቅዱስ ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ በ28ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረ፥ በሮም በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ በጥበቃ ሥር ተቀምጦ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ ያስተምር ነበር። ለፊልጵስዩስ ሰዎችም በእስራት ሳለ ጻፈላቸው። ሰውነቱ ታሰረ፥ እረኝነቱ ግን አልታሰረም።

ቤተ ሰቡስ ምን ያደርጋል? በዚያው በዘፀአት ምዕራፍ ሁለት ትእዛዝ እናገኛለን። የመጀመሪያው፥ ቤተ ሰቡ ለአንድ በግ የሚያንስ ቢሆን ከጎረቤቱ ጋር እንዲካፈል ነው። ስለዚህ የተዘጋ በር ጎረቤትን አያስረሳም። በደጀ ሰላም ተቀምጦ የሚለምነው ነዳይና በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ተማሪ፥ ሕዝብ በማይሰበሰብበት ቀን እንጀራቸው አብሮ ይዘጋልና፥ ድርሻቸውን ወዳሉበት መላክ ይገባል። ሁለተኛው፥ ልጆች ስለዚያ ሥርዓት ትርጕም በጠየቁ ጊዜ አባት እንዲመልስላቸው ነው። ልጁ ካህኑን አልጠየቀም፥ አባቱን ጠየቀ። በ2012 ስንቱ አባት ልጁ ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ በጠየቀው ጊዜ መልስ አጥቶ አፈረ! ያ ኀፍረት ግን የዕድገት መጀመሪያ ነው፤ ያላወቀውን ያወቀ ሰው መማር ይጀምራልና።

ይህም ትምህርት ለወረርሽኝ ቀን ብቻ የሚሆን አይደለም። በዓመቱ በ2013 በአጣዬና በአካባቢዋ ጸጥታ በታወከ ጊዜ ቤቶች ተቃጠሉ፥ ብዙ ሰውም ተሰደደ። የተሰደደ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ተሸክሞ አይሄድም፤ በቃሉ ያጠናውን ጸሎት ግን ማንም አይቀማውም።

ነገር ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ትእዛዙ እስኪነጋ ድረስ ነበረ፤ በነጋ ጊዜ እስራኤል በአንድነት ወጡ። በቤት መጸለይን ለምዶ በሩ ከተከፈተ በኋላ ከማኅበር የቀረ ሰው፥ ሌሊቱን ጠብቆ ንጋቱን የጣለ ይሆናል። ለዕብራውያን በተጻፈው መልእክት በ10ኛው ምዕራፍ ሐዋርያው መሰብሰብን እንዳንተው ያስጠነቅቃልና።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በሩ ተከፍቶ ሳለ ለሚዘጋበት ቀን እንዘጋጅ። ካህኑ የንስሐ ልጆቹን ቤት ይወቅ፤ አባትና እናት ለልጆቻቸው የሚመልሱትን ይማሩ፤ ጎረቤትም የጎረቤቱን ጓዳ አይርሳ። እንዲህ ያደረገ ቤት በሩ ቢዘጋም በውስጡ ያለው አገልግሎት አይቋረጥም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።