ተምችን ከተምች ለይቶ ስለ ማወቅ

ገበሬ ከብቱን በመልኩና በጠባዩ ለይቶ እንደሚያውቅ ሁሉ፥ በእርሻው ላይ የሚገኘውንም ትንሽ ፍጥረት ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ስማቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ ተባዮች አሉና። ከእነዚህም ሁለቱ ተምቾች ይገኙበታል።

ሽማግሌዎች ከጥንት የሚያውቁት ተምች በሠራዊት የሚመጣው ነው። ዝናም ከጣለ በኋላ በድንገት ይታያል፤ በበዛም ጊዜ ጀርባው ይጠቁራል። ጤፉን፥ ማሽላውን፥ በቆሎውንና የግጦሹን ሣር እየበላ ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል፤ ባቄላና አተርን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ከበላ በኋላ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም የእሳት እራት ሆኖ ይወጣና በነፋስ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ሁለተኛው የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው ነው። ይህ በ2008 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በበቆሎ ማሳ ላይ ተገኘ። በበቆሎው አናት፥ ገና ባልተዘረጋው ቅጠል መካከል ተሸሽጎ ይበላል። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ፥ ብዙውን ጊዜ በአንድ አገዳ ላይ የሚገኙት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጥቂት ትል ያየ ገበሬ «ተምች ቢሆን በሠራዊት በመጣ ነበር» ብሎ ቸል ይላል፤ ወይም «እንደ ቀድሞው አልፎ ይሄዳል» ብሎ ይጠብቃል። ይህኛው ግን አያልፍም፤ ሙቀትና በቆሎ ባለበት ስፍራ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። የዚህ ስሕተት ዋጋ የቤተ ሰብ ቀለብ ነው።

መለያው እንደሚከተለው ነው። አስተማሪው ትሉን በነጭ ወረቀት ላይ አኑሮ ለተማሪዎቹ ያሳይ። በመጤው ተምች ግንባር ላይ የ«ሰ» ፊደልን የመሰለ፥ ከላይ አንድ ሆኖ ወደ ታች ለሁለት የሚከፈል ነጣ ያለ መስመር ይታያል። ነገር ግን በሌላው ተምችም ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ይህ ብቻውን አይበቃም። ከጅራቱ በኩል ከመጨረሻው ቀጥሎ ባለው የአካሉ ክፍል ላይ፥ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠው ቢገኙ መጤው ተምች ነው። በበቆሎው አናት ላይም የእንጨት ብናኝ የመሰለ ኩስ ይገኛል።

የእሳት እራቷ በአንድ ጊዜ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ የሚደርስ እንቁላል በቅጠሉ ላይ ትጥልና በአመድማ ጠጉር ትሸፍነዋለች። ይህን ገና ሳይፈለፈል በጣት ጨፍልቆ ማጥፋት ቀላል ነው፤ ትሉ አድጎ ወደ አናቱ ከገባ በኋላ ግን መድኃኒት እንኳ በደንብ አይደርስበትም። ስለዚህ በቆሎው ገና ለጋ ሳለ በየጥቂት ቀኑ ማለዳ ማሳውን መመልከት ይገባል። በሠራዊት የሚመጣው በታየ ጊዜ ግን፥ የእጅ ለቀማ ስለማይበቃ፥ ሳይውል ሳያድር ለግብርና ሠራተኛው ማስታወቅ ያስፈልጋል። የመርዝ ሥራም ለልጆች የሚሰጥ አይደለም።

እንግዲህ ሽማግሌው የጥንቱን ተምች ጠባይ ይንገር፤ አስተማሪውም የአዲሱን ምልክት ያሳይ። የሁለቱ ዕውቀት በአንድነት ሲገኝ ማሳው ይጠበቃል።