«ሆዴን ያመኛል» ሲባል ሐኪሙ ምን ይጠይቃል? ምንስ ይመረምራል?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሆድ ሕመም ነው።

በአገራችን ሆድ ብዙ ነገር ይሸከማል። ምስጢር በሆድ ይያዛል፤ ሰው ሲያዝን ሆዱ ይባባል። ስለዚህ አንድ ሰው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከሉማሜ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ሆዴን ያመኛል» ቢል፣ ሐኪሙ ገና ምንም አላወቀም። በሆድ ውስጥ ጨጓራ አለ፣ ጉበት አለ፣ ሐሞት አለ፣ 6 ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን አንጀት አለ፣ ከእሱም ቀጥሎ ወፍራሙ አንጀት አለ። የታመመው የትኛው ነው?

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። የሚያምህ ከእምብርት በላይ ነው ወይስ በታች? ሳትበላ ነው ወይስ ከበላህ በኋላ? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሃል? ያስመልስሃል? ከስተሃል? ሰገራህ ምን ይመስላል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያፍርና አንገቱን ይደፋል። ማፈር አይገባም። ለሐኪም የሰገራ መልክ ማለት ለገበሬ የደመና መልክ እንደ ማለት ነው፤ አይቶ ብዙ ነገር ይረዳበታል። ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ሽታ ያለው ሰገራ ከላይ፣ ከጨጓራ አካባቢ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ያመለክታል። ይህ አስቸኳይ ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልም። (የደም ማነስ ክኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሰገራዋ ቢጠቁር ከክኒኑ ሊሆን ይችላልና፣ ክኒን እንደምትወስድ ትናገር።) ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ተቅማጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንጀት ቁስል የሚመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አስተኝቶ፣ ጉልበት አሳጥፎ ሆድን በእጁ ይዳስሳል። ሆድ ለስላሳ መሆን አለበት። እንደ ሳንቃ ከደረቀ፣ ምናልባት ጨጓራ ወይም አንጀት ተበስቶ ይሆናልና በሽተኛው በቶሎ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ወደ ጨጓራ እንምጣ። «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ሰው በዛሬ ጊዜ ጥቂት ነው። ከልብ ሥር ያቃጥላል፣ ቃር ይይዛል፣ ያስገሳል። ድሮ ይህ በሽታ ከጭንቀትና ከበርበሬ ብቻ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ ሐኪሞችም እንደዚያ ያስተምሩ ነበር። በኋላ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ በጨጓራ ኮምጣጣ ውስጥ መኖር የሚችል ጠመዝማዛ ተሕዋስ አገኙ። ስሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። የሚያምናቸው ሰው ስለጠፋ ማርሻል ተሕዋሱን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ታመመ። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህን ተሕዋስ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ይኖራል፤ ሁሉም ግን አይታመምም። መኖሩ በሰገራ ወይም በደም ይመረመራል። የደሙ ምርመራ አንድ ጉድለት አለበት፤ ተሕዋሱ ከጠፋ በኋላም «አለ» ሊል ይችላል። ስለዚህ መዳንን ለማረጋገጥ የሰገራው ምርመራ ይሻላል። ሕመሙ የጸናበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ምግብ አልወርድ ያለው ወይም ደም ያስመለሰው ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። እዚያም ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ ገብቶ ጨጓራው በዓይን ይታያል። ይህ ኢንዶስኮፒ ይባላል። ደስ አይልም፤ ግን ቶሎ ያልቃል።

መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14 ቀን የሚወሰድ፣ ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስያንና አንድ የጨጓራን ኮምጣጣ የሚቀንስ ክኒን ያለበት ነው። በ4ኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ያቋረጠ ሰው ተሕዋሱን መድኃኒት አለማመደው እንጂ አልገደለውም። ተልባ ማቃጠሉን ያስታግሥ ይሆናል፤ ተሕዋሱን ግን አይነቅልም። የወገብና የራስ ምታት ክኒኖች፣ እነ አስፒሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ፣ ጨጓራን እስከ ማድማት ይደርሳሉና ሐኪም ሳታማክሩ ከሱቅ እየገዛችሁ አትዋጡ። አረቄም ለታመመ ጨጓራ እሳት ነው። በጾም ወራት ሕመሙ የሚጸናባችሁ ደግሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተመካከሩ።

አሁን ስለ ሰገራ ምርመራ ጥቂት እንበል። ዕቃው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። የባቄላ ፍሬ የምታህል ትበቃለች፤ ሽንት አይቀላቀልባት። በተለይ ተቅማጥ ከሆነ ወዲያው ይሰጥ። ከሮብ ገበያ ጠዋት ይዞ ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ማስረከብ ጥቅም የለውም፤ አሜባ ቶሎ ይሞታልና መርማሪው በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሳይለየው ይቀራል። በአንድ ቀን ምርመራ «ምንም የለም» ቢባልም በሌላ ቀን ሊደገም ይችላል፤ እንቁላሉ ሁልጊዜ አይወጣምና። አሜባ፣ ጃርዲያና ወስፋት የሚታወቁት በዚህ መንገድ ነው።

ኮሶ ትል ግን ምርመራውን ሊያመልጥ ይችላል። የዱባ ፍሬ የመሰለ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቁራጭ ከሰገራ ጋር ወይም በልብስ ላይ ካያችሁ፣ ያያችሁትን ለባለሙያው ንገሩት፤ ይህ ራሱ ትልቅ ምርመራ ነው። ትሉ የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። ሰው በየሜዳው ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ይግጠዋል፤ በሥጋው ውስጥ ያድራል፤ በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ይመለሳል። አባቶቻችን የኮሶን አበባ ፈጭተው ይጠጡ ነበር። መድኃኒትነቱ እውነት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች እንኳ ይሸጡት ነበር። ችግሩ መጠኑ አለመለካቱ ነው። ከበዛ ዓይንን ሊጎዳ፣ ለነፍሰ ጡርም አደጋ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ከጤና ጣቢያ በሚሰጥ ክኒን ያ ሁሉ ምሬት ሳይኖር ይለቃል።

ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሕፃን ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይቆፈራል፤ ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። ግግ የተባለው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ተቅማጡ ከእሱ አይመጣም፤ በተቆፈረው ድድ ግን ደም ይፈሳል፣ መርዝ ይገባል፣ ልጁም መጥባት ያቅተዋል። ሕፃኑን የሚገድለው የውሃ ማለቅ ነው። ስለዚህ እናቶች ይህን መርምሩ፤ ዓይኑ ጎድጉዷል? እርግብግቢቱ ሰርጉዷል? የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ይመለሳል ወይስ ይዘገያል? ከዘገየ ሳትቆዩ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው እየሠለጠኑ የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኦ.አር.ኤስ. እና የዚንክ ክኒን ይሰጣሉ። ኦ.አር.ኤስ. በቅርብ ከሌለ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ልሙጥ እንጂ ክምር አይሁን። ጡት አታቋርጡ።

ከጤና ጣቢያ ስትወጡ አንድ ነገር ጠይቁ። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ፊደል ይጻፋል። «እባክዎ የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ በአማርኛ ይጻፉልኝ» በሉ። ፊደል ቆጥራችኋልና ከቤታችሁ ገብታችሁ ታነቡታላችሁ፤ ጎረቤት አታስቸግሩም።

በመጨረሻ፣ በደጋው አገራችን ደኅናውን ገበሬ ድንገት ስለሚጥለው በሽታ፣ ስለ አንጀት መጠማዘዝ እንናገር። ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ፈስም ሰገራም አይወጣም፤ ቁርጠቱ ይበረታል፤ በኋላም ያስመልሳል። አንጀቱ በራሱ ላይ ተጠማዝዞ የደሙ መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ከቆየ ይሞታል። ቶሎ ከተደረሰ አንዳንዴ በቱቦ ብቻ ይፈታል፤ ከዘገየ በቀዶ ሕክምና የሞተው አንጀት ይቆረጣል። ስለዚህ ይህን ሰው «ምች ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ አታሳድሩት። የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ኮሶም ሆነ ፌጦ፣ አትስጡት፤ ምግብም አታጉርሱት። በመኪና ቢገኝ በመኪና፣ ባይገኝ በቃሬዛ፣ በሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል አድርሱት። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁም መልሱን አዘጋጁ፤ ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመረ? ፈስ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው መቼ ነው?