ቁይ፦ መሬቷና አስተዳደሯ

ለገጠር ከተማ የተመደበ አዲስ መምህር ቀድሞ የሚጠይቀው «መኪና ይገባል ወይ?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎም የቤት ኪራዩን። ቁይ የሚደርስ መምህር ግን አንድ ሦስተኛ ጥያቄ ቢጨምርበት ከተማሪውም ከወላጁም ጋር ቶሎ ይግባባል። ይኸውም፣ በዚህ አገር መሬቱን ማን ለካው? የሚል ነው።

ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ በስተምሥራቅ ይገኛል፤ በደቡብ ከአዋበል፣ በምሥራቅ ከእነማይ ጋር ይዋሰናል። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ሲሆን ሙጋን፣ ጨሞጋንና ሌሎችንም ብዙ ወንዞች ወደ ዓባይ ይልካል። በተራራው ወገን ገብስና ድንች ይበቅላል፤ ወደ ሜዳው ሲወረድ ስንዴና ጤፍ ነው። የሜዳው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ቋጥሮ እግር ይይዛል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር በየክረምቱ ከጎርፉ ጋር ቁልቁል ይሄዳል። በመሆኑም ማሳው በሁለት በኩል ያንሳል፤ አንድ ጊዜ በጎርፍ፣ አንድ ጊዜ ለልጆች ሲከፋፈል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በጎጃም ከ1967 ዓ.ም. በፊት መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ከአቅኚው አባት ከደረሰ ድርሻ ይጠይቃል። ስለዚህ መሬት በገመድ መለካት ማለት ለገበሬው እንዲያው ቁጥር መመዝገብ አልነበረም፤ ርስቱን የመነጠቅ መጀመሪያ መስሎ ይታየው ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግም ይህን ስላወቀ፣ ያልተለካው ጎጃም በ1927 ዓ.ም. ይከፍል በነበረው ልክ እንዲከፍል ተወው። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅና ገማች ኮሚቴ ወደየማሳው ሲወጣ ግን ገበሬው መሣሪያውን አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ይህን ታሪክ የአገሩ ሽማግሌዎች ከማንም መጽሐፍ የበለጠ ያውቁታል፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ልኮ ቢያስጠይቅ ጥሩ የኅብረተሰብ ትምህርት ይሆንለታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፣ በ800 ሄክታር አካባቢ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍላል፤ የፍርድ ሸንጎም ነበረው። የዛሬው የገጠር ቀበሌ መነሻ እርሱ ነው። ታዲያ ሰዉ ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እያለ ቢጠራው አይገርምም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የ1989 ዓ.ም. ድልድል ነው። በምሥራቅ ጎጃም በደርግ ዘመን በቀበሌ ሹመት የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ለሌላው ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። የትናንት አከፋፋይ የዛሬ ተቀናሽ ሆነ ማለት ነው። በእኔ ግምት፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ለቀበሌ ሥራ ሲመረጥ የሚያመነታው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ድልድል መሬት ያገኙ ሴቶችና ወጣት አባወራዎች ደግሞ ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩታል፤ ሁለቱንም ወገን መስማት ያስፈልጋል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይዞታ ይመዘገብና ለገበሬው ደብተር ይሰጥ ጀመር። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ወሰን የሚያሳዩት ጎረቤቶች ናቸው፤ ጭቅጭቅ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ነው። መሬቱ አይሸጥም፤ ማውረስና ማከራየት ግን ይቻላል።

በሕጉ መሠረት ቀበሌውም ወረዳውም የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው፤ ዞኑ ግን የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ እንጂ የራሱ ምክር ቤት የለውም። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም የክልሉ በጀት በጥቅሉ ለወረዳ ስለሚሰጥ፣ የአስተማሪው ደመወዝ ከወረዳው ገንዘብ ነው የሚከፈለው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወረዳ በጀት ለደመወዝ ስለሚሄድ ለጠመኔና ለዴስክ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቁይ ሄዶ «ዴስክ ለምን ጠፋ?» የሚል መምህር፣ ጥያቄውን ይዞ መግባት ያለበት እዚያው ከተማው ውስጥ ካለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው።